አምላኩ የወደቀበት ቁልቁለት

እኔ ገላው፣ ቢቸና ውስጥ ሃያ ዓመት ፍሬን ስሠራ መንፈስ ምናምን ሲሉኝ አይዋጥልኝም። ሰው ሥራ ሲያቅተው ሰይጣን ላይ ያላክካል። ይታገስ ግን አባዱላውን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣብኝ ፈራሁ።

ወንድሙ አምላኩ አምና ሞጣ መንገድ ላይ ገደል ገብቶ ሞቷል። ጠጥቶ ነው ተባለ፤ እኔም አብሬ ብያለሁ፣ አልዋሽም። ሚስቱ አስናቀች በሐፍረት ስሙ ቤቷ እንዳይነሳ ከለከለች፤ ልጆቹ እንኳ አባታችን አይሉም። ከአምላኩ መኪና የተረፈውን የቀኝ የፊት ፍሬን፣ ጎማውን ቆንጥጦ የሚያቆመውን ካሊፐር ከነዘይት ቱቦው ፈትቼ ለይታገስ ገጠምኩለት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ የፊት ጎማው አምላኩ የወደቀበት ቁልቁለት ሲደርስ ይያዛል። ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚያው። ይታገስ ወንድሜ እየጠራኝ ነው ይል ጀመር።

ካሊፐሩን ሁለቴ ፈታሁት። ፒስተኑ ንጹሕ፣ የፍሬን ሸራው አዲስ። እስቲ ራሴ ልየው ብዬ አብሬው ሄድኩ። ቁልቁለቱን ስንጀምር የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ መኪናው ወደ ገደሉ፣ ወደ ቀኝ ተሳበ። ይታገስ እግሩን ከፍሬኑ ቢያነሳም የያዘን ነገር አልለቀቀንም። 

ቆመን በክሪክ አነሳሁት። ጎማውን ብገፋው ንቅንቅ አይልም። የቱቦውን የላይኛ ጫፍ ባላላው ለውጥ የለም። ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ስፈታ ግን ዘይቱ ፊጭ አለ፤ ጎማውም ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ዞረ። ይታገስ ስመ ሥላሴ ጠራ። እኔን ግን የወረረኝ ሌላ ነገር ነው። ቱቦው ውስጡ ተቀዷል፤ ዘይቱን ያስገባል እንጂ አይመልስም፤ እዚያ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን አብዝቶ ሲረገጥ ነው የሚቆልፈው።

አምላኩ ከመሞቱ በፊት ያንን ፍሬን የፈታሁት እኔ ነኝ። የሚካኤል ዋዜማ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ተቻኩዬ ካሊፐሩን በሽቦ ሳላስር በቱቦው አንጠልጥዬው ሄድኩ። ማግስቱ በዓል፣ ቀጥሎ እሑድ፤ ብሎን አይነካም። ያ ሁሉ ብረት ሁለት ቀን ቱቦውን ሲጎትት ከረመ። ሰኞ የቱቦውን ውጭ ብቻ አይቼ ደህና ነው ብዬ ገጠምኩት። የተያዘ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ቢረግጡትም አይዝም። ይታገስ የተረፈው ፈርቶ እየቆመ ስላቀዘቀዘው ነው።

ቱቦውን ይዤ ሞጣ፣ አስናቀች ቤት ገባሁ።

«አምላኩ አልጠጣም ነበር» አልኳት። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም። ቱቦውን ከእጄ ተቀበለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ ልጆቹን በየስማቸው ጠራች።

«ይሄንኑ ለእነሱ ንገራቸው» አለችኝ።