ዘንገና ዳር የተዘረጋው ገጽ

የእንጅባራ መስከረም ጠዋት ላይ ፀሐይን ቶሎ አያሳይም። በ2008 ዓ.ም. ማናለብሽ ጓደኞቿን ይዛ ወደ ዘንገና ሐይቅ ስትወርድ ጉሙ ውሃውን ከነዛፉ ውጦት ነበር፤ ከፊቷ የሚሄዱት ልጆች ድምፃቸው ይሰማል እንጂ መልካቸው አይታይም። ማናለብሽ ደስ አላት። እሷ ነገር የሚታያት እንዲህ ግማሽ ሕልም ውስጥ ስትሆን ነው።

የመጡት ድረ ገጽ ሊያቅዱ ነው። በስልክ በአዊኛና በአማርኛ መጻፍ የሚያስችል ፕሮግራም እየሠሩ በነፃ የሚያድሉ ወጣቶች ናቸው፤ ማኅበራቸውን «ቀርከሃ» ይሉታል። የድረ ገጹ የፊት ገጽ እንደ አዲስ ይሠራ ብለው ሥራውን ለማናለብሽ ሰጧት። በወረቀት ብትስለው አልታያቸው አለ፤ በኮምፒውተር እንዳታሳያቸው መብራት ጠፍቷል። እንግዲያውስ ገጹን ሣር ላይ እንዘርጋውና በእግራችን እንግባበት አለች። ሌላ ሰው ቢለው አበደ ይባል ነበር።

በቃጫ ገመድ ሰፊ አራት ማዕዘን ከለሉ። ዜናው ነጠላ ሆነ፣ የሥልጠናው ፎቶግራፍ ጋቢ፣ ፕሮግራሙን ማውረጃው ቁልፍ ቀይ ጃንጥላ። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ሽመክት የተሸለምኩት ምስክር ወረቀት ከሁሉ በላይ ካልሆነ ብሎ ሹራቡን አውልቆ ከአናቱ አነጠፈው። ውብአየሁ ፈረሶች ሲጋልቡ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ይግባልኝ አለ፤ በዚህ ኔትወርክ ፈረሱ አንድ እግሩን አንስቶ እስከ ጥምቀት ቆሞ እንደሚቀር የነገረው የለም። ማናለብሽ እየሳቀች በመሃላቸው ትመላለሳለች። ጉሙ ሲሳሳ ነጠላው ያበራል፣ ሲወፍር ይጠፋል። እንዲህ ያለ ገጽ በዓለም ላይ የለም ብላ አሰበች።

ብቻ አንድ ነገር ነበር። የድረ ገጹ ፓስወርድ የላቸውም። የሚያውቀው ደረሰ ብቻ ነው። ማኅበሩን የጀመሩት እሱና ማናለብሽ ናቸው፤ የድሮውን ገጽ ብቻውን የሠራው ደግሞ እሱ ነው። «ይቀየር» የተባለ ዕለት ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ፤ ከዚያ ዳንግላ ኮምፒውተር ማስተማር ጀምሮ በዚያው ቀረ። ያለ እሱ ፓስወርድ ይህ ሁሉ ነጠላና ጃንጥላ የትም አይደርስም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንዱም ግን ደውሎ አልጠየቀውም። ፓስወርዱን ስጠን ማለት ጨርሰህ ውጣ ማለት መሰላቸውና ይሉኝታ ያዛቸው። እናም ክረምቱን ሙሉ ቁልፍ የሌላቸውን ቤት ሲያስጌጡ ከረሙ። ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተው ሰው እነዚህን አላያቸውም።

ማናለብሽን ደግሞ ከይሉኝታውም በላይ ያስቸገራት ናፍቆቱ ነው። ስልኳን ታነሣና ስሙን አይታ ትመልሰዋለች። ብትጠይቀው እንደሚሰጣት ታውቃለች፤ የምትፈራውም ይኸንኑ ነው። ከሰጣት በኋላ ምን ብላ ትደውልለታለች?

ከገመዱ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ አየች። መጀመሪያ ግንድ መስሏት ነበር። ደረሰ ነው። ለካ ውብአየሁ ዛሬ እዚህ እንደሚወርዱ ሹክ ብሎታል።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለ።

«ገጹን ነዋ» አለች ማናለብሽ። «ሣር ላይ ካላየነው አልገባን አለ።»

ደረሰ ገመዱን ሳይነካ ዙሪያውን ሄደ። ጃንጥላውን አየ፣ ሹራቡንም አየ፤ ሽመክት በብርድ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አፈረ። ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ማናለብሽ ፊት ቆመ።

«ያምራል፤ እውነቴን ነው» አላት። «እኔ እኮ ክረምቱን ስልኬን እያየሁ ነው የከረምሁ። ፓስወርዱን ስጠን ብለው ይደውላሉ፣ ያን ጊዜ ድምፅሽን… ድምፃችሁን እሰማለሁ እያልሁ። ባትደውሉ ጊዜ በቃ ረሱኝ አልሁ።»

«እኛ ደግሞ ብንጠይቅህ የምንገፋህ መስሎን።»

«እንግዲህ ልሰጣችሁ ነው የመጣሁ። በይ ስልክሽን አውጪና ጻፊው።»

የማናለብሽ እጅ ወደ ኪሷ ሄደ። ሥራው ሊያልቅ ነው። መብራት ከመጣ ገጹ ነገውኑ ይወጣል፤ ደረሰም ዳንግላ ይመለሳል። እጇን ባዶውን ከኪሷ አወጣችው።

«አትንገረኝ» አለችው። «አላውቀውም፤ ማወቅም አልፈልግ። አንተው እየመጣህ ክፈትልን።»

ውብአየሁ አንድ ነገር ሊል ሲል ሽመክት በክርኑ ጎሸመው።

ደረሰ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ጉም ነው አይባልም፣ እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ጎንበስ አለና ጭቃ የያዘውን ጫማውን አውልቆ፣ ገመዱን ተሻግሮ ገባ።