የታንከሩ አፍ

«አለቱ» የሚሉት ታንከር አጣቢ ከእምብርቱ በላይ ሕንጻው ጣሪያ ላይ፣ ከእምብርቱ በታች የውሃ ታንከሩ ውስጥ ሆኖ፣ በያጁን እንድትጠራለት ሚስቱን ለመናት። ሲገባ ክብደቱ ራሱ ጎትቶ አስገብቶት ነበር። ሲወጣ ግን ክቡ የብረት አፍ ሆዱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አደረገው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ።

«ብረቱ ነው» አለ። «ብርድ ሲመታው ይኮማተራል።»

«ባለፈው ስናጥበው ልክህ ነበር» አለች ሚስቱ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛለት። «ከዚያ ወዲህ ብረቱ ሲበላ እኔ አላየሁም።»

ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ ታንከሮችን እያጠቡ ነው። እሱ ውስጥ ገብቶ በብሩሽ ይፈገፍጋል፤ እሷ ከግቢው ቧንቧ በባልዲ እየቀዳች ደረጃውን ትወጣለች፣ ደለሉን ይዛ ትወርዳለች። «አለቱ» ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሆዱ እንደ ሌላው ሰው ቦርጭ አይንዘላዘልም፤ ወደ ፊት ተገፍቶ፣ ጠንክሮ ይቆማል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ምታኝ» ይላል፤ የመታው እጁን እያራገፈ ይስቃል። የሥራ ጡንቻ ነው ብሎ ያምናል። ሐኪም ቤት ሄዶ አያውቅም፣ ፈጣሪ ይመስገን፤ ምስጋናውንና አለመሄዱን አንድ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። ደረጃ ላይ ትንፋሹ እንደሚያጥረው የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

በያጁ እመጣለሁ ብሎ ስልኩን እንደዘጋ የጣሪያው በር ተከፈተ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ነበረች። ውሃ እንደሚዘጋ የነገራት ስላልነበረ፣ ጸጉሯን ስትታጠብ መሀል ላይ ቀጥ ብሎባት፣ አናቷ ሙሉ አረፋ እንደሆነ ልትቆጣ ወጥታ ነው። አለቱን ስታይ ቁጣዋን ረሳችው። እግሩ ደንዝዞት እንደሆነ፣ ደረቱን አፍኖት እንደሆነ ጠየቀችው። ደህና ነኝ አላት። ከዚያ ከብረቱ በላይ የተረፈውን ሆድ በሁለት ጣቷ ልትቆነጥጥ ሞከረች፤ አልያዝ አላት።

«አየሽ እህቴ፣ ጡንቻ ነው» አለ አለቱ።

«ጡንቻውማ ከላይ ነው ጋሼ። ከሥሩ የሚገፋው ነው ሌላ። የበግ ሆድ ሲከፈት አንጀቱን እንደ መረብ የሸፈነውን ሞራ አይተው የለ? እርስዎም ውስጥ ያለው እሱ ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ለስላሳ ነው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ተጨምቆልዎት በወጡ ነበር።»

ሚስትየው ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት ሰው ሲመታው የኖረው ሞራውን ነው?»

አለቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ከነርሷ ግንባር የተንሸራተተ አረፋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አረፈ፤ ቁጣው ወደ ሳቅ ዞረበት። ሲስቅ የያዘው ትንፋሽ ሁሉ ወጣ። ነርሷ ጊዜ አላጠፋችም፤ ከጸጉሯ አረፋውን በእፍኟ ዝቃ የብረቱን ዙሪያ ቀባችና አንዱን ብብቱን ያዘች፤ ሚስቱ ሌላውን። አለቱ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ባልዲዎቹ መሀል ሦስቱም ተዘረሩ።

ሳቁ እስኪበርድ ቆዩ። ከዚያ አለቱ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ክፉ ነገር ነው እንዴ?» አለ። «አባቴም ሆዱ እንዲህ ነበር።»

አባቱ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ሳይነሳ የቀረ ሰው ነው።

ነርሷ አላባበለችውም። ሞራው ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ እንዳልሆነ ነገረችው፤ ቀን ከሌሊት ስብ ወደ ደም ይረጫል፣ ጉበትን ያጨናንቃል፣ ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ዕዳውን የሚሸከመው ልብ ነው። ቀጭን የሚመስል ሰው እንኳ ይዞት ይዞራል። ሳልመረምር ታመዋል አልልም፣ ነገ ግን ጤና ጣቢያ ይምጡ አለችው። ቀጥላ የሥራ ገመዳቸውን አነሳች። ከተረከዙ እስከ አናቱ ለካችው፣ ቁመቱን የሚያህለውን ለሁለት አጠፈችና በእምብርቱ ላይ አዞረችው። ግማሽ ቁመት ወገብን ሊዞር ይገባል። ጫፍና ጫፉ አልተገናኙም።

«በዚህ ክፍተት በያጁ ከነማሽኑ ያልፋል» አለች ሚስቱ።

እሷንም ለኳት። ጫፎቹ ተገናኝተው፣ አልፈው፣ ተንጠለጠሉ። ነርሷ ምን ብትሠራ እንዲህ እንደሆነች ጠየቀቻት።

«ምን እሠራለሁ፤ ባልዲ ነው የምሸከመው።»

ይህን ስትል አለቱ ገመዱን እንደያዘ ባልዲዎቹን አየ። ነርሷ ፈጥና፣ ደስ የሚለውን አስከትላ ነገረችው፤ ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ቀድሞ የሚቀልጠው ይሄው የውስጡ ነው። ለስላሳ መጠጡን ይተዉ፣ ማታ ማታ ሆድዎን አያጨናንቁ፣ ይራመዱ።

በያጁ መቁረጫውን ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ታንከሩን ዞሮ አየውና በጠመኔ ሊያሰምርበት ጎንበስ አለ።

«አፉን ምን ያህል ላስፋልህ?»

አለቱ ታንከሩን አየ። ግማሹ ገና አልታጠበም፤ የሕንጻው ሰው ውሃ እየጠበቀ ነው። ሚስቱን አየ፣ ደረጃውን አየ።

«ተወው፣ አፉ ደህና ነው» አለ።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«ና፣ አንተም በገመዱ ተለካ» አለች ሚስትየው። በያጁ ሆዱን ሳብ አድርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አለቱ ብሩሹን አንስቶ ለሚስቱ ሰጣትና ከእጇ ባልዲዎቹን ወሰደ። «አንቺ ግቢ። ውሃውን እኔ አመጣለሁ።» እሷ አንድ ጊዜ ፊቱን አየችው፤ ከዚያ እንደ ዓሣ ሹልክ ብላ ገባች። ነርሷ ባልዲዎቹን ግማሽ ግማሽ ብቻ እንዲቀዳ፣ ደረቱን ያዝ ካደረገው ቁጭ እንዲል አስጠነቀቀችው። እሺ፣ ግን የመጀመሪያው ባልዲ ለጸጉርሽ ነው አላት።

እንዳለውም አንዱን ባልዲ ሦስተኛ ፎቅ በሯ ላይ አስቀመጠላት። ሌላውን ይዞ አራተኛው ፎቅ ሲደርስ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከላይ፣ ከታንከሩ ሆድ ውስጥ፣ የሚስቱ እንጉርጉሮ እያስተጋባ ይመጣል። በሃያ ዓመት ሥራቸው ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም፤ ለካ ውስጥ ሲሆኑ ድምፅ ያምራል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ውሃው!» አለች መሀል ላይ።

«መጣሁ» አለ። ባልዲውን መሬት አላስቀመጠውም።