አጭሩ ዓምድ

«ይኸው በዓይናችን አየነው፤ የሕፃናት ክፍል ሥራ የለውም» አለ የጤና ጣቢያው ኃላፊ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ግራፍ በእስክሪብቶው እያመለከተ። ከአራቱ ዓምዶች የሕፃናት ክፍሉ ከሁሉም ያጠረ ነበር። «ሲስተር፣ ከሰኞ ጀምሮ መርፌ ክፍል ትገቢያለሽ።»

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ግራፉን ትኩር ብላ አየችው። ጠዋት ብቻ ስንት ልጅ እንዳየች እግሯ ያውቃል፤ ግን ከግራፍ ጋር ማን ይከራከራል?

ግራፉን የሠራችው የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ካርድ ስታወጣና ስትመልስ ኖራ፣ በዚህ ዕድሜዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ማለት ግራፍ ለመሥራት ከተዘጋጀ የኮምፒውተር ኮድ ጋር ግብግብ ገጥማ፣ ቁጥሩን ወደ ሥዕል የሚቀይር፣ ሲነኩትም ቁጥሩን የሚናገር ነገር አወጣች። ኃላፊው ገና ሲያየው ክፍት የነበረው የመረጃ ባለሙያ ቦታ የእሷ እንደሆነ በሰው ፊት ተናግሯል። እሷማ ደስታውን የምታደርግበት አጥታ ነበር።

ሲነኩት የሚያደርገውን ላሳይ ብላ ማውሱን አጭሩ ዓምድ ላይ አሳረፈች። በቀን ዘጠና አራት ልጅ፣ አለ። ረጅሙ ላይ ወሰደችው፤ አሥራ ሁለት። ክው አለች። ለካ ኮምፒውተሩ ከፍታን ከላይ ወደ ታች ነው የሚለካው፤ እሷ ከዓምዱ በላይ የሚተርፈውን ባዶ ቦታ ቀለም ቀብታ ዓምዱን ራሱን ባዶ ትታዋለች። ጀማሪ ካልሆነ ማን እንዲህ ይሳሳታል!

ማንም አላየም። ሰዉ ስለ ዝውውሩ ያንሾካሹካል፣ ኃላፊው ደብዳቤውን ለመጻፍ አቀርቅሯል። ከምሳ በኋላ በሁለት መስመር ኮድ ታስተካክለዋለች። ነርሷም ብትዛወር ደመወዟ አይቀነስባትም፣ እያለች ራሷን ልታባብል ሞከረች። ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት።

«ዶክተር፣ ደብዳቤውን አይጻፉት» አለች። «ገልብጬ ነው የሳልኩት። ብዙ ሰው ያለበት አጥሮ፣ ጥቂት ያለበት ረዝሞ ወጥቷል።»

ኃላፊው ቀና አለ። «ታዲያ ሥራሽ የማይታመን ከሆነ፣ ስለ ቦታው ያልኩት...»

«የቦታውን ነገር እርስዎ ያውቃሉ። ቁጥሩ ግን ልክ ነው።»

ከወንበሯ ተነሥታ ማውሱን ወደ ነርሷ ገፋችላት።

«ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ። ያንቺን ዓምድ ራስሽ ንኪላቸው።»