ጢስ የጠጣ ሐር

ዓለምሸት ሰው አያምንም ነበር። የሚያውቁት ሁሉ ስደት ያመጣበት ጠባይ ነው ይላሉ። እሱ ግን ከስደትም በፊት እንዲህ እንደነበረ ያውቃል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ፤ የገዛ እጁን ሥራ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ ከሌላው እጅ ላይ አይነሳም።

ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ፣ ክዊን ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ፖርቱጋላዊ ፍሬም ቤት ተቀጥሮ መሥራት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እንጨት ይቆርጣል፤ መስታወት ይገጥማል፤ ብዙ አይናገርም። ፖርቱጋላዊው ሐሙስ ሐሙስ ስለማይመጣ ሐሙስን ይወደዋል።

በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ልጁ ሔርሞን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች። ሔርሞን ቶሮንቶ ስትገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሃያ ሦስት ሞልቷታል። እናቷ ካርቱም ሞታ ስለቀረች አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ታሪክ ተምራ፣ ሥዕል በጨረታ የሚሸጥ ድርጅት ከገባች ገና አምስት ወሯ ነው።

«አባዬ፣ ቀስ በል፤ እንዳይወድቅ» አለች ብርድ ልብሱን እየፈታች።

ሥዕሉ የጃፓን ነበር። በሐር ጨርቅ ላይ የተሳለ ሳቢሳ የተባለ አንድ ባለ ረጅም እግር ወፍ፣ ውሃ ዳር፣ ዝናብ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ጨርቁ እንደ አሮጌ ጠፍር ቡናማ ሆኗል። ዙሪያውን ካርቶን ይዞታል፤ የፍሬሙ መስታወት ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል።

«መስታወቱን ብቻ ቀይርልኝ። አራት መቶ ዓመቱ ነው። ቦሴ ከካርቶኑ እንዳይወጣ ብሏል።» አለቃዋን ማለቷ ነው።

«ለምን እንዳይወጣ?»

«አይ ዶንት ኖ። ሐሩ እንዳይሰበር ይሆናል።»

ዓለምሸት ሥዕሉን ትቶ ልጁን አያት። ፊቷ በርቷል። ነገ ጠዋት ካታሎጉ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ የዚህን ሥዕል ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት፤ ከሥሩም ስሟ ይወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ከዚህ በፊት በስንቱ ላይ ስምሽን አወጣልሽ?»

«በአንዱም። ፈርስት ታይም ነው። ደስ አይልህም?»

«የእሱስ ስም?»

«የእኔ ብቻ ነው። ዕድል ሰጠኝ'ኮ ነው የምልህ።»

«ዕድል ያድላል እንዴ? ቄስ ነው?»

«ኦ ማይ ጋድ! አንተ'ኮ ፖስተኛውንም ትጠረጥራለህ።»

«ፖስተኛው ደብዳቤ ይከፍታል።»

«ቢል ነው'ኮ የሚያመጣልህ! የመብራት ቢል ከፍቶ ምን ያደርጋል?»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«እኔ መጀመሪያ ሳየው ሜጂ ነው ብዬ ነበር» አለች ጓንቷን እያጠለቀች። «ሜጂ የጃፓን ንጉሥ ነው፤ ዘመኑ በስሙ ይጠራል። ከ1868 እስከ 1912።»

ዓለምሸት በልቡ መነዘረው። ቴዎድሮስ ከሞቱ ጀምሮ ምኒልክ እስኪሞቱ ገደማ።

«የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች በጣም ያሳዝኑኛል» ቀጠለች። «በዘይት ቀለም እንደ ፈረንጅ ሲስሉ፣ ፈረንጆቹ እኛን ነው የቀዳችሁት አሏቸው። እንደ አባቶቻቸው ሲስሉ ደግሞ፣ ይሄ አዲስ ነው፣ አሮጌ የላችሁም ወይ አሏቸው።»

«ገዢ አሮጌ ይወዳል።»

«እንዴ! እንዴት አወቅክ?»

«ዝም ብዬ ነው» አለ። ከአፉ ስላመለጠው ቆጨው። «ለምን ሜጂ መሰለሽ?»

«ዝናቡን እየው። መስመር የለውም፤ ጭጋግ ብቻ ነው። እንዲህ በሚስሉት ላይ አገራቸው ይስቅ ነበር። አሜሪካ ወስደው ሲያሳዩ ግን ተገዛላቸው። ቦሴ ግን ኖ አለ። እንዲህ ለመጥቆር አራት መቶ ዓመት ይፈጃል አለኝ።» ሰዓቷን አየች። «ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።»

ሄደች። ዓለምሸት በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

የልጁ አለቃ አታውጣ ማለቱ ሥራ አስፈታው። ከካርቶን አይውጣ የሚል ሰው ካርቶኑ ሥር ያለውን ያውቃል ማለት ነው። ምስማሮቹን በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለ። መስታወቱን አነሳ፤ ቀጥሎ ካርቶኑን አነሳ።

ዳርና ዳሩን አየ። የፀሐይ ብርሃን ጨርቅ ሲያጠቁር ፍሬሙ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከፍሬሙ ሥር ያለው ዳር ነጣ ብሎ ይቀራል። ይህኛው ግን እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ጥጉን በቢላ ጀርባ ቀስ ብሎ ገለጠው። ጀርባውም ያው ነው። ብርሃን በጀርባ አይገባም። በጀርባ የሚገባ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ሁለቱን ነጠብጣቦች አያቸው። ከላይኛው ጠርዝ፣ ግራና ቀኝ፣ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ ቦታዎች።

ዓለምሸት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። እነዚያን ነጠብጣቦች እንደ ገዛ ጥፍሩ ያውቃቸዋል። የመቆንጠጫ ቦታ ናቸው። ሥዕል በጢስ ላይ ሲሰቀል ጢሱ መቆንጠጫው የያዘው ቦታ አይደርስም።

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ የቅርስ ነጋዴ ጓሮ አራት ዓመት ሠርቷል። ያኔ ጎረምሳ ነበር። ሥራው በርሜል ውስጥ ርጥብ ገለባና ኩበት እያጨሰ አዲስ የብራና ሥዕል ማስረጀት ነበር። ማክሰኞ የተሳለው ቅዱስ በሳምንቱ የጎንደር ዘመን ይሆናል፤ ቱሪስት ይገዛዋል። ነጋዴው ፈረንጅ ዓይኑ ከአፍንጫው ይቀድማል ይል ነበር፤ ቢሆንም የጢሱ ሽታ እንዲለቅ ብራናውን ሦስት ቀን ነፋስ ላይ ያሰጣ ነበር። ዓለምሸት ይህን ለሚስቱም አልነገረም። ለሔርሞን የነገራት፣ በወጣትነቱ ከአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጋር ይሠራ እንደነበር ብቻ ነው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«ጃፓንም አጭበርባሪ ሠዓሊ አለው ለካ» አለ ለራሱ።

ግን ዓይኑ አላረፈም። አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ሐሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው። ከግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ክሩ ሳስቷል። ፀጉር መስሏል። አንድ ሰው በምላጭ ፍቆታል። ከተፋቀው ክር መካከል ደግሞ ጥቂት ቀይ ቀርቷል፤ ጃፓኖች በስማቸው ሥር የሚመቱት ማኅተም ቀይ ነው።

ያኔ የራሱ ስህተት ገባው። ሊያጭበረብር የሚስል ሰው መጀመሪያውኑ ስሙን አይጽፍም። ሠዓሊው አዲስ ሥዕል ሣለ፤ አዲስ ነው ብሎ ስሙን ጻፈ፤ ማኅተሙን መታ። ስሙን የፋቀው ሌላ ነው። በጢስ ላይ የሰቀለውም ሌላ ነው። ዓለምሸት ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም። አለቃ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ደግ ሠዓሊ ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን ከሥዕላቸው ግርጌ ይጽፉ ነበር። በምላጭ የሚፍቀው እሱ ነበር።

ሥዕሉን መልሶ ቢዘጋው ማንም አያውቅም። ነገር ግን ቀን ጠብቆ አንድ አዋቂ ይከፍተዋል። ያን ቀን ካታሎጉ ላይ የሚገኘው የሔርሞን ስም ብቻ ይሆናል። አለቃዋ፣ ልጅቱ ናት የጻፈችው፣ ይላል። አሁን የዕድሉ ምንጭ ተገለጠለት።

ፖርቱጋላዊው አየው ልበላት? ፖርቱጋላዊውን ትጠይቀዋለች። መጽሐፍ ላይ አነበብኩ ልበላት? መጽሐፍ እንደማያነብ ታውቃለች። እስክትመጣ ድረስ ሌላ ሥራ አልነካም።

ስትመጣ ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ አየችው።

«አባዬ! እንዳታወጣው አላልኩህም?»

«እዚህ ጋ እዪ።»

ነጠብጣቦቹን አሳያት፤ ጀርባውን አሳያት፤ ቀዩን ክር በመነጽር አሳያት።

«ይሄ የምንም ምልክት ሊሆን ይችላል» አለች። «ውሃ ሊሆን ይችላል። አንተ ደግሞ ሰው መጠርጠር ልማድህ ነው። እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

«እኔም እንዲህ አደርግ ስለነበረ ነው።»

ነገራት። በርሜሉን፣ ገለባውን፣ ምላጩን ነገራት። አላሳጠረም፤ አላስረዘመም። ሔርሞን ቆማ ሰማችው።

«ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስለ አንተ ነው የጻፍኩት» አለች በመጨረሻ። «አባቴ አሮጌ ሥዕሎች ያድን ነበር ብዬ።»

«አሮጌ አልነበሩም። አሮጌ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።»

ሥዕሉን በብርድ ልብሱ ጠቀለለችው። «ነገ ሁለት ሰዓት ቢሮ ድረስ ትመጣለህ» አለችው። ልጁ አዝዛው አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ አብረው ሄዱ። አለቃዋ ሚስተር ግሬሰን ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ሔርሞን ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስሙ ተፍቋል፣ ተጨሷል አለችው። ዓለምሸት የሰውየውን ዓይን ጠበቀ። ነገሩ አዲስ የሆነበት ሰው መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል። ሰውየው ሥዕሉን አላየም።

«ማን ክፈቱት አላችሁ?» አለ።

ዓለምሸት እንግሊዝኛው ለዚህ ያህል ይበቃው ነበር።

ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ አባትሽን አከብራለሁ፣ ነገር ግን ፍሬም የሚቆርጥ ሰው የሥዕል አዋቂ አይደለም አላት። ሔርሞን ወደ አባቷ ዞረች። «ንገረው» አለችው በአማርኛ። «እኔ አስተረጉማለሁ።»

ዓለምሸት ቆሞ ተናገረ። «ሥዕል አጭስ ነበር። የሠዓሊውን ስም እፍቅ ነበር። አዲሱን አሮጌ ነው እያልን ለፈረንጅ እንሸጥ ነበር።» ልጁ ታለዝበው እንደሆነ ጆሮውን ቀስሮ ሰማ። አላለዘበችም። አንድም ቃል አላስቀረችም፤ በድምፅዋም አላዘነችለትም።

«ይሄ የእሱ ታሪክ ነው» አለ ሰውየው። «ስለዚህ ሥዕል ምንም አያረጋግጥም። ጽሑፉ እንዳለ ይታተማል።»

«እንግዲያው የእሷን ስም ይሰርዝና የራሱን ይጻፍ በይው» አለ ዓለምሸት።

አስተረጎመች። ሰውየው እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው። ክዳኑን ከፈተው፤ ገጠመው። ሔርሞንን አየ፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው።

ሥዕሉ ከካታሎጉ ወጣ። ሰውየው ለሔርሞን፣ ይህ መሥሪያ ቤት ይስማማት እንደሆነ እስከ ሰኞ እንድታስብበት ነገራት፤ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ሲመለሱ ስትሪትካሩ፣ የከተማው ባቡር፣ ባዶ ነበር። ዓለምሸት መስኮት ዳር ተቀመጠ። ሔርሞን ከጎኑ ቦታ እያለ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስምሽ ተርፏል» አላት።

«አውቃለሁ። ታንክ ዩ።» ጓንቷን አወለቀች። «ስንት ነበሩ?»

«ምኖቹ?»

«ስማቸውን የፋቅካቸው።»

«ሰባ፣ ሰማንያ።»

«ሰባ ነው ሰማንያ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም ወይስ አትነግረኝም?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

እውነቱን ነበር። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ማመኗንና አለማመኗን ከፊቷ ሊያነብ ሞከረ፤ አልተነበበለትም። ቤቷ ሊደርሱ ሦስት ፌርማታ ሲቀር የማስቆሚያውን ገመድ ሳበች።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለች እየተነሳች። «ኮል አደርግልሃለሁ።»

መቼ እንደሆነ አልነገረችውም።