በብስክሌት የወረደ ሰርግ

ክፍሎምን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እናቱ ጡት ሳይጥል ነው የሞተችው። ስለዚህ ሲያገባ በደህና መኪና ተቀምጬ፣ ነጠላዬን እያስተካከልሁ ከሙሽራዋ ደጅ እደርሳለሁ ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። እሱ ግን ያጨው ሰገን የምትባል የጊንዳዕ ልጅ ነች። የተዋወቁት የብስክሌት ውድድር ላይ ነው፤ እዚያም ቀደመችው። "ልትወስደኝ ስትመጣ ከባሬንቱ ጊንዳዕ በብስክሌት ና። በመኪና ከመጣህ በሩ አይከፈትልህም" አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ እሺ አለ። እኔ ነኝ ያልሳቅሁት።

ክፍሎምና ሚዜው ረዘነ በብስክሌት ከፊት፣ እኔና ወንድሜ ዑቅባይ፣ የክፍሎም አባት፣ ድንኳኑን፣ ድስቱንና የሙሽራውን ሱፍ ልብስ ጭነን በአሮጌው ፒክአፕ ከኋላ ሆነን ከባሬንቱ ተነሣን። ጾም ሳይገባ የቀረው ያ እሁድ ብቻ ነው። እሱ ካለፈን እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። የጊንዳዕ ቄስም ቅዳሴ ሳይወጣ ካልደረሳችሁ አላጋባም ብለው ቆርጠዋል።

አቆርደት ላይ ነፋስ ያዘን። ድንኳኑን ስንተክል ይነቅላል፣ ስንተክል ይነቅላል፤ በመጨረሻ ረዘነ፣ ያ ጎሽ የሚያክል፣ በላዩ ተኛበት። በማግስቱም አቧራው ዓይን አላስገልጥ ብሎን እዚያው ዋልን። ከከረን ከተማ በኋላ አቀበቱ ላይ ደግሞ የመኪናው ራዲያተር ያፈስ ጀመር።

"እንቁላል ይደፍነዋል" አለ ዑቅባይ።

"የምን እንቁላል?"

"ለሙሽራ ዶሮ ያልሽውን አምጪ።"

ሰጠሁት። ዶሮው እንቁላል አጣ፣ መኪናው ቁርስ በላ። አስመራ ስንደርስ ቅዳሜ ተሲያት ሆኖ ነበር፤ ወደ ነፋሲት ስንወርድ ጉሙ ዋጠን፣ ዝናቡ ተከተለ። ያደርነው ውሃ በሚያስገባ ድንኳን ውስጥ ነው። ዑቅባይ በሙሽራዋ ደጅ የሚናገረውን ቃል ሌሊቱን ሲያነበንብ ሰማሁት። ከሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ሳይነጋገሩ በር አይከፈትም፤ የኛ ሽማግሌ ደግሞ እሱ ነው።

እሁድ ጠዋት እምባትካላ ላይ የመኪናው ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ይህን እንቁላል አያድነውም። ከታች የመጣ መንገደኛም ጭቃ ተንዶ መንገዱን እንደዘጋው ነገረን።

ዑቅባይ መሪውን ተደግፎ ተቀመጠ። "ወገቤ ብስክሌት አይችልም። ዝማም፣ ከረዘነ ኋላ ተፈናጠጪና ሂጂ። ቃሉን አንቺ ተናገሪ።"

"ሴት በደጅ ቃል ስትናገር የት ታውቃለህ?"

"አላውቅም። አፍ ግን አላጣሽም።"

እኔ ዝማም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ብስክሌት ላይ ወጣሁ። ክፍሎም ሱፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አሰረ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ነፍሴ አፌ ደረሰች።

"ፍሬን! ፍሬን ያዝ!"

"ይዣለሁ፣ አሞይ!"

"ታዲያ ለምን አይቆምም?"

"እርስዎን ተሸክሞ እንዴት ይቁም!"

አሞይ እያለ አክስትነቴን ባያከብር ኖሮ እዚያው በጥፊ እለው ነበር።

ናዳው ጋ ስንደርስ ቀዩ ጭቃ ከወገብ በላይ ተቆልሎ መንገዱን ዘግቶታል። ክፍሎም አየውና ፊቱ ጠወለገ። በዚህ መካከል ከወዲያ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ እልልታ ሰማን። የሙሽራዋ ቤተሰብ መዘግየታችንን አይቶ ሊፈልገን ወጥቷል።

"እነማን ናችሁ?" አለ የሴት ድምፅ። የሰገን እናት አደይ ለተንስኤ ነች። "ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

ልጆቹ ዞረው አዩኝ። የደጅ ጥያቄው መሆኑ ነው።

"የዑቅባይ ቤት ሰዎች ነን! ልጅ አለን፣ ልጅ አላችሁ አሉን!"

"የምሰማው የሴት ድምፅ ነው። ወንድ የላችሁም እንዴ?"

"አለን! መኪና ይጠብቃል። ወሬ የምታውቀውን ላከ!"

ማዶው በሳቅ ተናወጠ። አደይ ለተንስኤ ግን ወግ አታጎድልም። "ልጃችሁ ምን ያለ ነው? ዋስትናው ምንድን ነው?"

ዑቅባይ ሌሊቱን ያጠናው ብዙ ነበር፤ የአባቶች ስም፣ የዘር ሐረግ። አንዱም ትዝ አላለኝ።

"ነፋስ፣ ዝናብና ራዲያተር እየከለከሉት የመጣ ልጅ ነው" አልሁ። "እናት የለውም። እናቱ እኔ ነኝ። ሌላ ዋስ የለኝም።"

ክፍሎም መሬት መሬት አየ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁም።

"እናቱ ከሆንሽማ" አለች አደይ ለተንስኤ፣ ድምጿ ተሰብሮ፣ "ደጃችን ይኸው ነው፤ ግቡ!"

ወንዶቻቸው በአካፋና በእጅ ጭቃውን ጠርገው፣ ብስክሌቶቹን ተሸክመው፣ እጃችንን ይዘው አሻገሩን። ከሁሉ ፊት ሰገን ቆማለች፣ ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ቋጥራ፣ የእናቷን የገበያ ብስክሌት ይዛ።

"ዘገየህ" አለችው።

"ቀደምሽኝ" አላት።

እልልታው ሳያባራ ከታች የጊንዳዕ ደወል ተሰማ። ቅዳሴው ሊወጣ ነው። የመጡበት አውቶቡስ ደግሞ በጠባቡ መንገድ ለመዞር ወደፊት ወደኋላ ሲል አንዱ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

"እኛ እንቅደምና ቄሱን እንያዛቸው" አለች ሰገን። "አሞይ፣ ከኋላዬ ይቀመጡ። ያለ እናቱ አላገባም።"

አላገባም ስትል አላቅማማችም። የብስክሌቱን ዕቃ መጫኛ አየሁ፣ ቁልቁለቱን አየሁ፣ ተቀመጥሁ። ከፊታችን ክፍሎም እየዞረ እያየን ይስቃል። ሰገን ለኔ ብላ ነው መሰለኝ፣ ኩርባው ጋ ስንደርስ ቀስ አለች። ደወሉ እንደገና ተመታ።

ወገቧን ጥምጥም አድርጌ ይዤ ጆሮዋ ላይ ጮህሁ፦

"ልጄ፣ ፍሬኑን ልቀቂው!"