በጓሮ በር የሚገቡበት ቢሮ

ሰው እቤቱ ከዋለ ሥራ ፈት ነው ብለው የሚያምኑ እናቶች አሉ፤ የዲዛይነሯ እናት ደግሞ የእነሱ ሊቀመንበር ነበሩ። ልጃቸው ከመሥሪያ ቤት ወጥታ በራሷ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሳሙና መጠቅለያ፣ የጭማቂ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የብስኩት ካርቶን ትነድፋለች። ደንበኛ ደንበኛን እየጠራ ያመጣላታል፤ ሥራው ሞልቷል። ለእናቷ ግን ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ቴሌቪዥን ከማየት ብዙም አይለይም። "ልጄ እቤት ናት" እያሉ የጎረቤት ሕፃን ያሳቅፏታል፣ የጎረቤት ዕቃ ያስረክቧታል፣ ቧንቧ ሠሪ ያስጠብቋታል። እሷም ይሉኝታ ገሏታል፤ እምቢ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን አመሏን ደንበኞቿም ደርሰውበታል። በተለይ ባለሳሙናው። የገቢዋ ግማሽ ከእሱ ነው፤ የራስ ምታቷም እንዲሁ። ራት ላይ ይደውላል፣ እሑድ ይደውላል፣ ገላዋን ስትታጠብ ይደውላል። "ልጄ፣ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ!" ይላል። ትንሿ ነገር መጠቅለያው ላይ ያለውን አረፋ ማብዛት፣ ከዚያ መቀነስ፣ ከዚያ ደግሞ "የመጀመሪያው አረፋ ይሻል ነበር" ማለት ናት። ስልኳ ላይ የመዘገበችው "ትንሽ ነገር" ብላ ነው።

አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን ጭኗ ላይ እያለቀሰ፣ ቧንቧ ሠሪው ወጥ ቤቱን እየደበደበ፣ ባለሳሙናው እየደወለ፣ ለሌላ ደንበኛ የምትሠራውን የበረኪና ማስጠንቀቂያ የጭማቂው ጠርሙስ ወረቀት ላይ አስቀምጣ ላከች። ባለጭማቂው ከፍቶ ሲያየው "ከሕፃናት ያርቁ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ ይታጠቡ" ይላል። "የእኔ ጭማቂ ሰው ይፈጃል ነው የምትይው?" ብሎ ጮኸባት፤ ይቅርታዋን እንኳ ሳይሰማ ሌላ ዲዛይነር ፍለጋ ሄደ።

ያን ቀን እንባዋ መጣ። "እማዬ፣ እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ!" አለች።

"ሥራ ላይ ያለ ሰው እቤት ምን ይሠራል?" አሉ እናቷ። "ሥራ ያለው ሰው ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። አንቺን ስትወጪ አላየሁሽ፣ ስትገቢ አላየሁሽ።" የልባቸውን ነው፤ ክፋት የለበትም።

በማግስቱ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ "እማዬ፣ ሥራ ሄድኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ" ብላ በፊት ለፊት በር ወጣች። ዳቦ ቤቱን አልፋ፣ ልብስ ሰፊውን ሰላም ብላ፣ ሰፈሩን ዞራ በጓሮ በር ተመልሳ ገባች። ድሮ ዕቃ ቤት የነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እናቷ በመስኮት አይተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ይሳቁ እንጂ ደንቡን ከእሷ ይልቅ አጥብቀው የያዙት እሳቸው ናቸው።

"ልጅሽ የለችም?" ትላለች ጎረቤት።

"ሥራ ሄዳለች።"

"ኧረ አሁን ሲያስነጥሳት ሰማሁ!"

"ሥራ ቦታ ማስነጠስ ክልክል ነው እንዴ?"

አንድ ረፋድ ውኃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ብቅ ብትል "ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ?" ብለው አፈጠጡባት። ከዚያ ወዲህ ውኃዋን ጠዋት ይዛ መውጣት ጀመረች። ለደንበኞቿም አዲሱን ሥርዓት ነገረች፤ ስልክ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ማስተካከያ ደግሞ ተጠራቅሞ በቀጠሮ። ሌሎቹ ያለ ጭቅጭቅ "እሺ" አሉ። ባለሳሙናው ግን ደንቡ ለሌሎች የወጣ መሰለው። ስልኩ አልነሳ ሲለው ራሱ መጣ።

አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ኮምፒውተሯን ዘግታ ልትወጣ ስትል የፊት ለፊቱ በር ሲንኳኳ ሰማች።

"አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ።"

"ቢሮው ተዘግቷል" አሉ እናቷ።

"እዚሁ ቤት ውስጥ አይደለች እንዴ?"

"ይሄ መኖሪያ ነው። እሷ ከሥራ አልገባችም። ለሥራ ከሆነ ነገ ይምጡ።"

"እናቴ፣ እኔ እኮ ትልቁ ደንበኛዋ ነኝ!"

"ትልቅ ከሆኑማ ሰዓት ያውቃሉ።"

ዲዛይነሯ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተጠጋች። የባለጭማቂው ቁስል ገና አልሻረም። ይሄኛውም ከሄደ ወሩን በምን ትገፋዋለች? በወጥ ቤት በኩል ሮጣ "ይግቡ፣ አለሁ" ብትል ነገሩ ያልቃል። እጇም የወጥ ቤቱን በር እጀታ ጨብጧል። ግን ዛሬ በዚያ ከወጣች ነገም፣ እሑድም መውጣቷ ነው፤ እናቷንም በሰው ፊት ውሸታም ልታደርጋቸው ነው። እጀታውን ለቀቀች። በጓሮ ወጥታ ሰፈሩን ዞረች።

"ይኸው መጣች" አሉ እናቷ ገና ከሩቅ።

"እንደምን አመሹ" አለች ባለሳሙናውን። "አሁን ከሥራ ወጥቻለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ይምጡ። ያለዎትን ማስተካከያ ሁሉ በአንዴ እንጨርሰዋለን።"

ሰውየው እሷን አየ፣ እናትየዋን አየ፣ ቦርሳዋን አየ። ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሄደ።

እናቷ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። "እንጀራሽን ዘጋሁብሽ እንዴ?"

"እንጃ፣ እማዬ።" እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ሁለቱም ራታቸውን በቅጡ አልበሉም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ሦስት ተኩል አለፈ። ተስፋ ቆርጣ ወደ ብስኩቱ ካርቶን ልትመለስ ስትል የጓሮው በር ተንኳኳ። ባለሳሙናው ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል።

"እኔ እኮ በሰዓቱ ደርሻለሁ!" አለ እያለከለከ። "እናትሽ ናቸው 'ቢሮው በጓሮ ነው፣ ዞረው ይግቡ' ብለው የመለሱኝ። በቤት ውስጥ ልለፍ ብል ወይ ፍንክች! ስዞር የሰው ጓሮ ገብቼ ውሻ አባረረኝ።" ላቡን ጠርጎ ሳቀ። "እኚህን ሴትዮ ለፋብሪካዬ ዘበኛ ባደርጋቸው አንዲት ሳሙና አትሰረቅም ነበር።"

እሷም አብራው ሳቀች። ተቀመጠና ትንንሽ ነገሮቹን አንድ በአንድ አራገፈ። በስልክ ቢሆን ወር የሚፈጀው ጣጣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ባለ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ሲወጣ የአዲሱን ፈሳሽ ሳሙና ሥራ ሰጣትና "ለእሱስ ቀጠሮው መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዞራ በፊት ለፊት በር ገባች። እናቷ ሬዲዮኑን ዘግተው ወንበር ሳቡላት።

"ውሎሽ እንዴት ነበር?"

እንዲህ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም። ሲያዩት የዋሉትን ሰው ውሎው እንዴት ነበር አይሉትማ። ደስ አላትና ነገረቻቸው፤ ስለ አረፋው ሙግት፣ ሰማያዊ ቀለም ሳሙናን እንዴት ንጹሕ እንደሚያስመስል፣ አንድ ፊደል ትንሽ ዝቅ ሲል ዓይን እንዴት እንደሚያርፍበት። እናቷ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ሁሉ ስትሠሪ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ የት ነበርኩ?"

"እዚሁ ነበርሽ፣ እማዬ።"