ዓዋሌ የተረጎመው ፊልም

ባሌ ዓዋሌ ሂንዲ አያውቅም። ልጅ ሳለ ዓደን ውስጥ አንድ የህንድ ባንያን ሱቅ ዕቃ ተሸክሟል፤ ከዚያ ይዞ የመጣው አራት ቃል ነው፣ ሁለቱ ስድብ። ይሁንና እሁድ እሁድ ሲኒማ ቤት ስንገባ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ይቀመጥና አፍ አፉን ያያል። የህንዱን ፊልም ጮክ ብሎ የሚተረጉምልን እሱ ነበር።

የሚገርመው አለመሳሳቱ ነው። ልጁና ልጅቷ ገና ሲጋጩና ሲሰዳደቡ «በቃ፣ እነዚህ ተጋቡ» ይላል። ወፍራሙ ጓደኛ ብቅ ሲል «ይሄ ሊያስቀን ነው የመጣው፤ ለራሱ ሚስት አያገኝም» ይላል። ከዘፈኑ በኋላ አንድ ወሬ መሃል ይገባና ያኳርፋቸዋል። መጨረሻው ሁሌም ባቡር ጣቢያ ነው። አንዱ ፊልም ላይ ልጁ ከሚሄደው ባቡር ዘሎ ይወርዳል፣ ሌላው ላይ ልጅቷ እየሮጠች ትደርሳለች። ዓዋሌ የነገሩን አካሄድ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ቋንቋ ምን ያደርግለታል?

እኛም መጨረሻውን እያወቅን እንሄድ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና የመጣበት ጊዜ ነው። ማን እንደሚታፈስ፣ ማን እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ግን ትልቁ መከራ ኩርፊያ ነው፣ እሱም ያልፋል። ስንስቅ ቆይተን በሩ ላይ ስንደርስ፣ አፈሳ እንዳለ መንገዱን ግራና ቀኝ አይተን እንወጣለን።

ፋርቱን የጎረቤታችን ልጅ ናት። ሊበን ደግሞ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ሁለቱም እሁድ አይቀሩም፤ እሷ ከእኔ ጎን፣ እሱ ከኋላችን። ሊጋቡ ተነጋግረዋል። ከዚያ ቀበሌ የሊበንን ስም ለውትድርና አወጣው፤ እሱም በባቡር ጅቡቲ ሊሻገር ቆረጠ። አብራው እንድትሄድ ይፈልጋል፤ እሷ ጀልዴሳ ገጠር ዘመዶቿ ጋ ተሸሽጎ እንዲቆይ ትፈልጋለች። ተጣሉ። በመጨረሻ እልህ ያዛትና «ሂድ! ማን ያዘህ?» አለችው።

ባቡሩ በሚነሳበት ጠዋት ዓይኗ አብጦ ቤታችን መጣች። አዲሱን ድሪያ ቀሚሷን ለብሳለች።

«አዴር ዓዋሌ» አለችው፤ የምታየው እንደ አጎቷ ነው። «ልሂድ እንዴ? አብሬው ልሂድ?»

«ሂጂ እንጂ!» አልኩ እኔ። «እግርሽን ምን ያዘው?»

ዓዋሌ እጁን አወናጨፈብኝ። «አቦ ተይ አንቺ! ፋርቱን፣ ቁጭ በይ። ተኳርፋችኋል አይደል? እንግዲህ የቀረው መጨረሻው ነው። አሁን እሱ ነው የሚወርደው። ወላሂ ይወርዳል! ከሮጥሽ ታበላሺዋለሽ።»

ቁጭ አለች። የባቡሩ ፉጨት ቤታችን ድረስ ይሰማል። ስትሰማው ደነገጠች፤ ዓዋሌ ግን ፈገግ ብሎ ወደ በሩ ጠቆማት። ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ጠበቀች። ፀሐይዋ ግቢውን እስክትሞላው ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ባሌን በዚያች ሰዓት ጠላሁት።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ቢሻሮ ከጅቡቲ ተመለሰች። በባቡር ሸቀጥ የምታመላልስ ነጋዴ ናት፣ ዙሪያ ጥምጥም የሚባል ነገር አታውቅም። ፋርቱንን እኛ ቤት አገኘቻት።

«ሊበንን አገኘሁት፤ አግብቷል» አለቻት። «ንገሪልኝ ያለኝን ልንገርሽ። ‹ሽንሌ ጣቢያ እስክንደርስ የባቡሩ በር ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ልጅቷ መጨረሻ ላይ እየሮጠች ትደርሳለች ይለን የለ አዴር ዓዋሌ? ትመጣለች ብዬ ጠበቅኳት› ብሏል።»

ፋርቱን አላለቀሰችም። ዞር ብላ ባሌን አየችው።

«አዴር፣ ሁለቱም ቁጭ ብለው ሲጠባበቁስ? የዚያ ፊልም መጨረሻው ምንድነው?»



«እንዲህ ያለ ፊልም… መጥቶልን አያውቅም» አለ ዓዋሌ።

ፋርቱን ተነስታ ወጣች። እኔም ያን ቀን ለዓዋሌ ምሳ አላቀረብኩለትም።